ጭስ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል

እስቲ ጠጋ በሉና ልንገራችሁ። አይ፣ አትጠጉ! ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቅ ብላችሁ ስሙኝ፤ የዚያ ዓመት ነገር የሚሰማው በርቀት ነው። ተረት ነው ብትሉ አልጣላችሁም፤ እውነት ነው ብትሉም አልጣላችሁም። መጣላት ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ የለኝም።

አውቶቡሶች ለምሳ በሚቆሙባት በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ እትዬ ላቀች የምትባል ሴት ምግብ ቤት ነበራት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንገደኛውን ሆድ የሞላችው እሷ ናት። ሾፌሩ "ሠላሳ ደቂቃ ብቻ!" ብሎ ሲጮህ ስልሳ ሰው ባንድ ጊዜ ይገባል፤ ስልሳ ሰው ባንድ ጊዜ "ቶሎ በል እንጂ!" ይላል፤ ያ ቶሎ በል የሚባለው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ስሜ ቢያድግልኝ ነው፤ በዚያ ቤት ዐሥራ ስምንት ዓመት አስተናግጃለሁ። ማጀቱን የምትመራው ደብሬ ናት፤ እጇ የጣፈጠ፣ አፏ የመረረ ወጥ ሠሪ።

ታዲያ ኮሮና መጣና አውቶቡሱ ቆመ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ነው አሉን፤ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ወር ነው አሉን፤ ወር ጠበቅን። አሳላፊዎቹ ሴቶች ወደየቤተሰባቸው ሄዱ፤ ሦስታችን ቀረን። ምግብ አሽገን ለመሸጥ ሞከርን፤ በእኛ ከተማ ግን ሚስቱ ቤት ሽሮ እየሠራች ሌላ ሽሮ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚገባ ጀግና የለም። በረንዳው ላይ ሽንኩርት ሸጥን፤ ለካ ከተማው በሙሉ ሽንኩርት ሻጭ ሆኗል። ደብሬ ከጠረጴዛ ልብስ የአፍ መሸፈኛ ሰፋች፤ አበባ አበባ ስላለበት ወንዶቹ አንገዛም አሉ። ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን በየቀኑ አቧራቸውን እንጠርጋለን፤ ለማን እንደምንጠርግ እግዜር ይወቅ። ስልሳ ሰው ያላደከመኝን ሰውዬ ያ ባዶ ቤት አደከመኝ።

ሰኔ ላይ ጠረጴዛ አራርቆ መክፈት ይቻላል ተባለ። እኛ ግን ከመጠበቅ ብዛት መጀመር አቅቶን ተቀምጠናል። በዚያው ሰሞን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ጥላዬ ምርኩዙን እያንኳኳ መጣ። ደግ ሽማግሌ ነው፤ በነዚያ ወራት ስለ ኪራይ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ የተገለበጡትን ወንበሮች ሲያይ ቆየና፦

"ላቀች፣ አንቺን ውጪ ማለት ለእኔም ደስ አይለኝም። ግን ቤት ካልተሠራበት ይሞታል። አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ መጋዘን ላድርገው እያለ በየቀኑ ይጨቀጭቀኛል። እኔ ከበረንዳዬ የማጀትሽ ጭስ ማውጫ ይታየኛል። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ጭስ ሲወጣ ካየሁ ሠራች ብዬ ዝም እላለሁ። ካላየሁ ግን ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ" አለ።

እንግዲህ የእትዬ ላቀች ምኞት ትንሽ ነበረች። ሀብት አላማራትም፤ ስልሳ በላተኛ አላማራትም። ከማጀቷ አንዲት ጭስ እንድትወጣላት ብቻ ፈለገች። ቅጠል አንድዳ ሽማግሌውን ለምን አታታልለውም ትሉ ይሆናል። እኔም ብያት ነበር። "ሽንኩርት የማይሸት ጭስ የምግብ ቤት ጭስ ነው እንዴ? ከመቼ ወዲህ ነው አጭበርባሪ ያደረግኸኝ?" ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ጭሱ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል።

እትዬ ላቀች ወደ ማጀት ገባች። "ደብሬ፣ እሳት አንድጂ፤ ድስት ጣጂ" አለች።

ደብሬ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ምኑን ልጣደው? ውኃውን? ሽሮው አልቋል እኮ እትዬ! አተሩ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተቀምሞ በጆንያ ቁጭ ብሏል። ያልተፈጨ አተር ቀቅዬ ሽሮ ነው ልበል? ሽሮው ካልላመ ድስት አልጥድም።"

"ከሱቅ እንግዛ" አልኩ እኔ።

"የሱቅ ሽሮ በእኔ እጅ? ሞቼ ነው?"

"በእጅ ወፍጮስ ቢፈጭ?"

"ወገቡን አንተ ካበደርከኝ እሺ።"

እንግዲህ ሽሮው አልልምም አለ፤ ሽሮው ካልላመ ድስቱ አይጣድም፤ ድስቱ ካልተጣደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል።

አተሩን ተሸከምኩና እትዬ ላቀች ከፊት፣ እኔ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ከኋላ ሆነን ወደ ወፍጮ ቤት ሄድን። ባለ ወፍጮው እንድሪስ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ዱቄት ያልነካውን እንድሪስን ያን ቀን ገና አየሁ፤ ለካ ጠይም ሰው ነው።

"እትዬ ላቀች፣ አንቺን እንቢ ማለት ያሳፍረኛል" አለ። "ግን ይህን ሞተር ለአንድ ጆንያ አተር ባስነሳው የቀረችኝ ናፍጣ እሱው ላይ ታልቃለች። ከዚያ ለሌላው በምን እፈጫለሁ? ቢያንስ ዐሥር ሰው ይሰለፍልኝ። ዐሥር ሰው ተሰልፎ ካየሁ አስነሳለሁ። ሰልፍ ከሌለ ወፍጮው አይዞርም።"

እንግዲህ ወፍጮው አልዞርም አለ፤ ወፍጮው ካልዞረ ሽሮው አይልምም፤ ሽሮው ካልላመ ድስቱ አይጣድም፤ ድስቱ ካልተጣደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል።

ሰልፍ ፍለጋ በየቤቱ አንኳኳን። እህል የሌለው ቤት የለም፤ በሁሉም ቤት ያልተፈጨ እህል ተከምሯል። ሆኖም አንዱም አልሰለፍም አለ። ለሁሉም የተናገረችው ወይዘሮ ዘነቡ ናት፤ በሯን ሳትከፍት ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ።

"ላቀችዬ፣ የልጆቼ ዱቄት ካለቀ አራት ቀኑ ነው፤ ንፍሮ ሰልችቷቸው እኔን ሊቀቅሉኝ ደርሰዋል። ግን አልሰለፍም! ባለፈው ተሰልፈን ይመር በፊሽካ በታተነን። ስሮጥ ጤፌ ፈሰሰ። ጤፍ ከአፈር ተለቅሞ ያውቃል? እኔ ለቀምኩ። ሁለተኛ አልሰለፍም።"

በሌላውም ደጅ መልሱ ይኸው ነው። ጆንያው ትከሻዬን እየቆረጠው ነው፤ የአፍ መሸፈኛዬ ላብ ጠጥቶ ከአፌ ጋር ተጣብቋል፤ እትዬ ላቀች በየአጥሩ ሥር ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። አስም አለባት። እንግዲህ ሰልፉ አልቆምም አለ፤ ሰልፉ ካልቆመ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ ሽሮው አይልምም፤ ሽሮው ካልላመ ድስቱ አይጣድም፤ ድስቱ ካልተጣደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል።

በማግስቱ ዓርብ ማለዳ ይመርን ፍለጋ ወጣን። ይመር የቀበሌው ደንብ አስከባሪ ነው፤ ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከገበያው ጥግ ቆሟል። ድሮ ምሳውን እኛ ቤት ነበር የሚበላው፤ አሁን ፊቱ ከስቷል።

"ፊሽካ መንፋት አምሮኝ መሰለሽ እትዬ?" አለ። "ከንፈሬ እኮ ቆሰለ። እናቴ ራሷ ይህ ባለ ፊሽካ ብላ ትሰድበኛለች። ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። ሰልፍ የሚፈቀደው መሬቱ ላይ ክብ ከተሠመረለት ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ክብ፣ በክብና በክብ መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ። ሚያዝያ ላይ አሥምሬ ነበር፤ ዝናቡ አጠበው። ኖራ አምጡልኝና አሁኑኑ ላሥምር። ያለ ኖራ ግን አልፈቅድም።"

"በከሰል ብታሠምረውስ?" አልኩ።

"በጥቁር አፈር ላይ?" ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ያን ቀን የተናገርኩት ነገር ሁሉ ይህን ይመስል ነበር።

እንግዲህ ይመር አልፈቅድም አለ፤ ይመር ካልፈቀደ ሰልፉ አይቆምም፤ ሰልፉ ካልቆመ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ ሽሮው አይልምም፤ ሽሮው ካልላመ ድስቱ አይጣድም፤ ድስቱ ካልተጣደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል።

በከተማው ሱቅ ሁሉ ኖራ የሚባል የለም። "ኖራማ አለ" አለ ይመር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከኬላው ማዶ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ጨውና ኖራ ነው የጫነው። የሾፌሩን ሙቀት ለክተው፣ ደህና ነህ ግባ ካሉት ሦስተኛ ቀኑ ነው። አልገባም ብሎ ቁጭ! የጭነቱ ባለቤት ወዛደር ልኮ ከዚያው ላስራግፍ ቢል ወዛደሩ ፈርቶ ቀረ።"

እንግዲህ ኖራው አልወርድም አለ፤ ኖራው ካልወረደ ይመር አይፈቅድም፤ ይመር ካልፈቀደ ሰልፉ አይቆምም፤ ሰልፉ ካልቆመ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ ሽሮው አይልምም፤ ሽሮው ካልላመ ድስቱ አይጣድም፤ ድስቱ ካልተጣደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል። እናንተም ሰለቻችሁ አይደል? እኔ በእግሬ ነው የሄድኩት።

ኬላው ከከተማው አንድ ሰዓት ያስኬዳል፤ ባጃጅ የለም። ዳገቱ ላይ ስንደርስ እትዬ ላቀች መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተደገፈች። መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ ለመተንፈስ ታገለች፤ ከደረቷ ፉጨት ይሰማኛል። ልጠጋት አልችል፤ ሁለት እርምጃዬ ላይ ቆሜ አያለሁ።

"ቢያድግልኝ፣ ቁልፉን ልስጠው ይሆን?" አለች። "ደከመኝ እኮ። ሁሉም ሰው እውነቱን ነው፤ ማንን ልቆጣ? የሚቆጡት ሰው እንኳ ጠፋ።"

"ቁልፉን ሰጥተሽ ምን ልትሆኚ ነው እትዬ?"

"እሱን ነው የማላውቀው። ሰው ከማብላት ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።"

አንጀቴን በላችው። ጆንያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞርኩ፤ አተሩን ለምን ይዤው እንደወጣሁ ራሴም አላውቅም። ስትነሳ ተነሳሁ፤ ስትሄድ ተከተልኩ።

ከኬላው ማዶ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር፣ መኪናው ቆሟል። ሾፌሩ ከጎማው ጥላ ተቀምጦ በላምባ ምድጃ ላይ ፓስታ ይቀቅላል። ቀና ሲል አወቅነው፤ ሙሄ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በመጣ ቁጥር እኛ ቤት የበላ፣ እኔን "ቢያድግልኝ ወንድሜ" እያለ የሚጠራ ሰው።

"ሙሄ!" አለች እትዬ ላቀች ደስ ብሏት። "አንተ ነህ እንዴ? ምነው እዚህ ሜዳ ላይ?"

"ከዚያው ሁኑ" አለ ሳይነሳ። "በሽታ አመላላሹ እኔ ነኝ፤ ተጠንቀቁ።"

"ምን ሆነህ ነው? ከተማው ኖራ አጥቶ ነገር ሁሉ ተቆላልፏል። ግባና አራግፍልን እንጂ።"

"አልገባም እትዬ። ምያለሁ።"

እንግዲህ ሙሄ አልገባም አለ፤ ሙሄ ካልገባ ኖራው አይወርድም፤ ኖራው ካልወረደ ይመር አይፈቅድም፤ ይመር ካልፈቀደ ሰልፉ አይቆምም፤ ሰልፉ ካልቆመ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ ሽሮው አይልምም፤ ሽሮው ካልላመ ድስቱ አይጣድም፤ ድስቱ ካልተጣደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል።

"ለምን ማልክ?" አለችው።

ሙሄ ፓስታውን አማሰለ። ከዚያ ዓይኑን ከእሷ አንስቶ እኔ ላይ አሳረፈ። "እሱን ጠይቂው" አለ።

ጆሮዬ ጋለ። እትዬ ላቀች ዞራ አየችኝ። መደበቅ አልቻልኩም፤ እናንተም አሁን ስሙት። መጋቢት ላይ፣ ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሙሄ ከጅቡቲ መስመር መጥቶ እኛ ቤት በላ። አመሰገነ፣ ወጣ። እሱ እንደወጣ እኔ በባልዲ በረኪና አምጥቼ ወንበሩ ላይ ደፋሁት። ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። እሱ በረገጠበት ሁሉ እስከ በሩ ደፍ ድረስ እያፈሰስኩ ወጣሁ። የሄደ መስሎኝ ነበር። ለካ መኪናው ውስጥ ሆኖ በመስታወቱ ያየኛል። ፈርቼ ነበር፤ ያኔ ያልፈራ ሰው አልነበረም፤ በዚያ መስመር የመጣ ሁሉ በሽታውን ይዞ መጣ ይባል ነበር። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ወንድሜ ያለኝን ሰው ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ አጠብኩበት።

"ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት እንደዚያው ነው" አለ ሙሄ። "ውኃ በመስኮት ይወረውሩልኛል። ሻይ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ መሬት ላይ ያስቀምጡልኛል። ሦስት ወር ሙሉ መሪ መሪውን እያየሁ ብቻዬን በላሁ። ሰው ብቻውን ሲበላ ጉሮሮው ይዘጋል እትዬ። ሌላው ያድርገው፣ አያውቀኝም። የእናንተ ቤት ግን አንጀቴን ቆረጠኝ። ከዚያች ከተማ ሰው መጥቶ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ካልበላ ጎማዬ አይረግጣትም ብዬ ማልኩ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? መሐላው እኔንም ደክሞኛል።"

ለካ ከትናንት ጀምሮ አተር ተሸክሜ የምሄደው ወደ ራሴ ባልዲ ነው! በረኪናው አልደርቅም ብሎ ነው፤ በረኪናው ካልደረቀ ሙሄ አይገባም፤ ሙሄ ካልገባ ኖራው አይወርድም፤ ኖራው ካልወረደ ይመር አይፈቅድም፤ ይመር ካልፈቀደ ሰልፉ አይቆምም፤ ሰልፉ ካልቆመ ወፍጮው አይዞርም፤ ወፍጮው ካልዞረ ሽሮው አይልምም፤ ሽሮው ካልላመ ድስቱ አይጣድም፤ ድስቱ ካልተጣደ ጭሱ አይወጣም፤ ጭሱ ካልወጣ ቁልፉ ይሄዳል። ሙሄን ከከተማው የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ጆንያውን አወረድኩ። "ሙሄ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ" አልኩ። ሌላ ያዘጋጀሁት ቃል አልነበረኝም።

"ሰምቻለሁ" አለ። "አሁን ተቀመጡ፤ ፓስታው ደርሷል።"

"ቢያድግልኝ ይበላል" አለች እትዬ ላቀች። "እኔ ቆሜ አያችኋለሁ።"

"አይሆንም። አንቺም ተቀመጪ። ዐሥራ አንድ ዓመት ምግብ ከፊቴ አስቀምጠሻል፤ አንድ ቀን ከፊቴ ተቀምጠሽ አታውቂም።"

እውነቱን ነው። እትዬ ላቀች ከበላተኛ ጋር ቁጭ ብላ አትበላም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከማጀቱ በር ጀርባ ቆማ፣ ከድስቱ ጥርጊያ በቁራሽ እየጠቀሰች ነው የምትጎርሰው። ባለቤት ከእንግዳ ጋር ከተቀመጠች ማን ያስተናግዳል ትላለች፤ እኛንም ያስለመደችን ይህንኑ ነው። ደግሞም ፈርታለች። እጇ ወደ ደረቷ ሲሄድ አየሁት። ይህ በሽታ የሚወደው እንደ እሷ ያለውን ሳንባ ነው።

"የእትዬንም ድርሻ እኔ ልብላልህ ሙሄ" አልኩ።

"አንተ ደግሞ ዝም በል!" አለችኝና አንድ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠች።

ሙሄ ፓስታውን በድስቱ ክዳን ላይ አወጣ፤ ዳቦ ጨመረበት፤ መሬት ላይ አስቀምጦ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እሷ ተነስታ አነሳችና ተመለሰች። ለእኔ በጣሳ አደረገልኝ፤ እኔም እንዲሁ። እሱ ድስቱን ታቀፈ። መሸፈኛችንን አወረድን። የሦስታችንን አፍ ካየን ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር! የሙሄ ጢም ሸብቷል።

እትዬ ላቀች ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ቆም አለች። "ሙሄ፣ ጨው የት አለ?"

"ረሳሁት።"

"አንድ መኪና ጨው ተደግፈህ?"

"ጨው ያለው ከኖራው በታች ነው እትዬ፤ ማን ያውርድልኝ?"

መጀመሪያ እሷ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልፎ እንደገና ሳቅ ሆነ። ሙሄም ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ። እስክቀመጥ ድረስ እንደደከመኝ አላወቅኩም ነበር። ያን አልጫ ፓስታ እያለቀስኩ ጨረስኩት። ሙሄ እያየኝ ነበር፤ ከድስቱ የቀረውን አምጥቶ ከፊት ለፊቴ መሬት ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። "ብላ" አለ፣ "ብላ እንጂ ቢያድግልኝ ወንድሜ።"

እንግዲህ በረኪናው ደረቀ። በረኪናው ሲደርቅ ሙሄ ሞተሩን አስነሳ፤ እኔና እትዬ ላቀች ከኋላ ከጭነቱ ጆንያዎች ላይ ወጥተን፣ እሷ ከአንዱ ጥግ እኔ ከሌላው ጥግ ሆነን፣ በቀን በአደባባይ ከተማ ገባን። ሰው ሁሉ ከየደጁ አየን። ያ የፈራው ወዛደር እትዬ ላቀችን ከጭነቱ ላይ ሲያይ አፍሮ መጣ። ሙሄ ገባ፤ ኖራው ወረደ። ኖራው ሲወርድ ይመር እጅጌውን ሰብስቦ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ አሠመረ፤ ክቦቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ አንዱማ ጭራሽ ክብ አይደለም።

ቅዳሜ ማለዳ ይመር ፈቀደ፤ ሰልፉ ቆመ። ወይዘሮ ዘነቡ ከሁሉ ቀድማ የመጀመሪያው ክብ ውስጥ ገብታ "እስቲ አሁን ይንፋው!" አለች። ሰልፉ ሲቆም ወፍጮው ዞረ፤ እንድሪስ እንደ ጥንቱ ነጭ ሆነ። ወፍጮው ሲዞር ሽሮው ላመ። ትኩሱን ጆንያ ታቅፌ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ፤ አዎ፣ ሮጥኩ። ሽሮው እንደላመ ደብሬ በጣቷ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ ሌላ የምትለው ስታጣ "ዘገየህ" አለችኝ። ድስቱ ተጣደ። ሽንኩርቱ ተቁላላ። ጭሱ ወጣ።

ወንበሮቹን አወረድን። ሙሄ አንድ ጠረጴዛ ያዘ። እኔ እንደ ልማዴ ሳህን ይዤ ልዞር ስል እትዬ ላቀች እጇን ታጥባ ከሌላው ጠረጴዛ ሄዳ ተቀመጠች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። "አንተም እዚያኛው ላይ" አለችኝ። ደብሬ ለሦስታችንም ሽሮው እየተንተከተከ አቀረበችልንና የራሷን ይዛ ከማጀቱ በር ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። በላን።

እኩለ ቀን ላይ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ጥላዬ በሩ ላይ ቆመ። ጭሱን ከበረንዳው አይቶ ነበር የመጣው፤ እዚያ ቆሞ ያየው ግን እሷን ነው። ደንበኛ በገባ ቁጥር ተስፈንጥራ "ምን ይቅረብልህ?" የምትለው ሴት አልተነሳችም። አፏን ሞልታ፣ እጇ ሽሮ እንደነካ፣ "ጋሼ፣ እንብላ!" አለችው።

"ብሉ፣ ብሉ" አለ ሽማግሌው፣ ሰው እንደሚለው።

"እንብላ አልኩህ እኮ።"

ልነሳለት ስል በዓይኗ መለሰችኝ። ጋሽ ጥላዬ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ምርኩዙን በሩ ላይ አስደገፈ፣ እጁን ታጠበ፣ ማጀት ገብቶ እንጀራውን ራሱ ይዞ ወጣ፤ ደብሬ ከድስቱ ጨለፈችለት። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ሁላችንም በጣም ደክሞን ነበር፣ ሽሮውም ጥሩ ነበር።

ሽማግሌው ሳህኑን ጠረገና ቀና አለ። "ላቀች፣ ሰኞም አለ?" አላት።

"ሰኞም አለ" አለችው፣ ሳትነሳ።